ከኤምሬትስ ጠቅልለው ከመግባትዎ በፊት የስንብት ጉዞዎን እንዴት ያዘጋጃሉ?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለዓመታት ሠርተው አሁን ጠቅልለው ወደ አገር ሊገቡ የተዘጋጁ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ከመሄዴ በፊት የምወዳቸውን ቦታዎች አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ጥያቄው የቦታ ምርጫ ይመስላል፤ መልሱ ግን በአብዛኛው የቀን ቅደም ተከተል ነው። ቪዛዎ ከተሰረዘበት ዕለት ጀምሮ ድንበር ተሻግሮ መመለስ አይቻልም፤ መኪና መከራየት፣ ስልክ መጠቀምና የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው «የት መሄድ አምሮኛል?» የሚለው ሳይሆን «የትኛው ጉዞ እስከ መቼ ድረስ ይፈቀድልኛል?» የሚለው ነው። መመሪያው መነሻውን ዱባይ አድርጎ የተጻፈ ስለሆነ በአቡ ዳቢ ወይም በሻርጃ የሚኖሩ ርቀቱንና የአውቶቡሱን መነሻ ብቻ ማስተካከል ይበቃቸዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ ዋናውና ቅጂው። ሆቴል ያለ መታወቂያ ክፍል አይሰጥም፤ ወደ ኦማን የሚሻገሩ ከሆነ ደግሞ ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።
- የኤምሬትስ መታወቂያ ካርድ። ቪዛው ሲሰረዝ አብሮ ስለሚሰረዝ ከዚያ በኋላ በፓስፖርቱ ብቻ ይገለገላሉ።
- ለደርሶ መልስ የሚበቃ ሂሳብ ያለው ኖል ካርድ (የዱባይ አውቶቡስና ሜትሮ መክፈያ)።
- መኪና የሚነዱ ከሆነ የኤምሬትስ መንጃ ፈቃድ። የመኖሪያ ቪዛ ያለው ሰው በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት አይፈቀድለትም።
- ረጅምና ሰፊ ልብስ፤ ለሴቶች በተጨማሪ ወፍራም ሻሽ። በአቡ ዳቢ ታላቁ መስጊድ የሚያሳይ ልብስ ስለማይፈቀድ ሳሳ ያለ ነጠላ በር ላይ ሊያስመልስዎ ይችላል።
- ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ለተራራው፤ በቀዝቃዛ ወራት የጀበል ጃይስ አናት ከታች ካለው ከተማ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።
- ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ።
- የስልክ ባትሪ መሙያ። በተራራ መንገድ ካርታው ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ስልኩ ቶሎ ይዘጋል።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ቀናት ለይተው ይጻፉ

የሥራዎ ማብቂያ፣ የቪዛዎ መሰረዣ እና የበረራዎ ቀን ሦስት የተለያዩ ቀናት ናቸው፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አሠሪዎን ቪዛው የሚሰረዝበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁ፤ በዋትስአፕ የተላከ አጭር መልእክትም ይበቃል። ሦስቱን ቀናት በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፏቸውና ጉዞዎችዎን በመካከላቸው ይደልድሉ።

ቪዛው ከተሰረዘ በኋላ ከአገር ለመውጣት የሚሰጥ የእፎይታ ጊዜ አለ። ርዝመቱ እንደ ቪዛው ዓይነት ስለሚለያይ ጓደኛዎ የተሰጠውን የቀን ብዛት ለራስዎ አይውሰዱ፤ በመሰረዣው ወረቀት ላይ የሰፈረውን የመጨረሻ ቀን ያንብቡ። ከዚያ ቀን ካለፉ ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይታሰባል። በእፎይታው ጊዜ በአገር ውስጥ መዘዋወር ይችላሉ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ድንበር ከተሻገሩ በዚያ ቪዛ መመለስ የለም። በአሠሪው የሚከፈለው የጤና መድኅንም አብዛኛውን ጊዜ ከቪዛው ጋር ስለሚያበቃ በተራራ መንገድ ላይ እግርዎ ቢወለም የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍኑት ራስዎ ነዎት።

ከዚህ የሚገኘው ድልድል የሚከተለው ነው፦ ድንበር የሚሻገር ጉዞ ከመሰረዣው ቀን በፊት፤ ተራራ፣ ባሕርና ረጅም የመኪና መንገድ እንዲሁ ከመሰረዣው በፊት፤ በአውቶቡስ ደርሶ የሚመለሱባቸው ከተሞች በእፎይታው ጊዜ፤ ከበረራው በፊት ያለው የመጨረሻ ሳምንት ለዱባይ ብቻ። በዚያ ሳምንት ከተማ ለቀው አይውጡ፤ አንድ ያልተዘጋ ሂሳብ ወይም ያልተፈረመ ወረቀት ቢገኝ በአካል መቅረብ ሊያስፈልግ ይችላል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፦ ለጉዞ ቀን ለማትረፍ ሲባል ብቻ የመሰረዣውን ወረቀት ተቻኩለው አይፈርሙ። ወረቀቱ በተለምዶ «የሚገባኝን ክፍያ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ቃል ስላለበት ገንዘቡ እጅዎ ከመግባቱ በፊት መፈረም ለክርክር ይዳርጋል።

ደረጃ 2፦ ቦታዎቹን ከስልክዎ ይምረጡ

በትዝታ ከመረጡ ዝርዝሩ ማለቂያ አይኖረውም። የስልክዎን የፎቶ ክምችት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይመልከቱና ደጋግመው የሄዱባቸውን ብቻ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከእነዚያ መካከል ከአራት ያልበለጡ ይያዙ። ቁጥሩን የሚወስነው የእረፍት ቀንዎ ብዛት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚያርፍ ሰው በስምንት ሳምንት ውስጥ ያለው ስምንት ቀን ሲሆን፣ ግማሹን ዕቃ መግዛት፣ ካርጎ መላክና ቆንስላ መመላለስ ይወስደዋል። በመጨረሻም አብሯችሁ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ዛሬም በኤምሬትስ መኖሩን ይጠይቁ። ቦታውን ተወዳጅ ያደረገው ሰውየው ከነበረና እርሱ ቀድሞ አገር ከገባ፣ ሌላ ቦታ መምረጥ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ፈቃድዎን በጽሑፍ ይያዙ

ይህ ደረጃ በተለይ በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ላሉ እኅቶች ነው። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይሰጣል፤ ፓስፖርትን መያዝም የአሠሪው መብት አይደለም። ቢሆንም ሁለት ቀን የሚወስድ ጉዞ ሲያቅዱ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለአሠሪዎ በመልእክት ያሳውቁ፤ «እሺ» የሚለውን መልስ ደግሞ አያጥፉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አሠሪው «ከሥራ ጠፋች» ብሎ ቢያመለክት መውጫዎ ይጓተታል፤ ምናልባትም ዳግም መመለስ ይከለከሉ ይሆናል። ያ መልእክት ግን ማስረጃዎ ነው።

ደረጃ 4፦ ወቅቱን ከቦታው ጋር ያገናኙ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቦታ ይመቻል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ከቤት ውጭ የሚደረገው ጉብኝት ከፀሐይ መውጫ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ማለቅ አለበት። ግሎባል ቪሌጅና ሚራክል ጋርደን በእነዚህ የሙቀት ወራት ይዘጋሉ፤ በተራራማዋ ሐታም የጀልባ ቀዘፋውና ሌላው መዝናኛ በአብዛኛው የቀዝቃዛው ወቅት ሥራ ነው። በረራዎ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከሆነ እነዚህን ከዝርዝርዎ ያውጡና በምትካቸው ሙዚየም ይጨምሩ፤ በ2017 የተከፈተው የአቡ ዳቢው ሉቭር ሰኞ ሰኞ ዝግ መሆኑን ብቻ ልብ ይበሉ።

በተቃራኒው ክረምት ላይ ብቻ የሚያምር አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም በደቡብ ኦማን የምትገኘው ሰላላ ናት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ጭጋግና ካፊያ ስለሚወርድባት ኮረብታዎቿ ይለመልማሉ፤ የእኛን ክረምት የናፈቀ ብዙ ሐበሻ የሚሄደውም በዚያን ጊዜ ነው። ከዱባይ በመኪና 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በአውሮፕላን መሄድ ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ ድንበር የሚሻገረውን ጉዞ ያስቀድሙ

ወደ ሙሰንደም ወይም ወደ ሌላው የኦማን ክፍል የሚሄዱ ከሆነ ቪዛውን ከመነሳትዎ በፊት በኢንተርኔት ያውጡ። የኦማን ቪዛ ከዜግነትዎ በተጨማሪ በኤምሬትስ መኖሪያዎ ላይ የተጻፈውን ሙያና የቀረውን የአገልግሎት ጊዜ ሊመለከት ስለሚችል፣ አብሮዎት የሚሄደው ጓደኛ አልፏል ማለት እርስዎም ያልፋሉ ማለት አይደለም። በራስ መኪና የሚሄድ ሰው ኦማንን የሚሸፍን መድኅን ማለትም «ኦሬንጅ ካርድ» መያዝ አለበት፤ የተከራየ መኪና ከሆነ ደግሞ ከአከራዩ የመሻገሪያ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። በሙሰንደሟ ከተማ በኸሰብ የሚደረገው የጀልባ ጉዞ በቀላሉ ሙሉ ቀን ስለሚወስድ፣ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ከመመለስ አንድ ሌሊት ማደር ያዋጣል።

ደረጃ 6፦ መጓጓዣውን ይወስኑ

ወደ አቡ ዳቢ ከአልጉበይባ ኢ100፣ ከኢብን ባቱታ ደግሞ ኢ101 አውቶቡስ ይነሣል፤ ወደ አልአይን ኢ201 ከአልጉበይባ፣ ወደ ፉጀይራ ኢ700 ከዩኒየን ይሄዳሉ። መስመርና መነሻ ስለሚቀያየር በዋዜማው ያረጋግጡ። የሚከፈለው በኖል ካርድ ስለሆነ የመመለሻውን ሂሳብ ዱባይ ሳሉ ይሙሉ፤ አቡ ዳቢ ከተማ ውስጥ የሚሠራው ሐፊላት የተባለ ሌላ ካርድ ነው።

ጀበል ጃይስ፣ ጀበል ሐፊትና የምሥራቁ ባሕር ዳርቻ በአውቶቡስ አይመቹም። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ መኪና ብትከራዩ ወጪው ይቀላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ አከራዩ ለሳሊክ (ለመንገድ ማለፊያ ክፍያ) እና ለትራፊክ ቅጣት የሚይዘውን መያዣ ገንዘብ መኪናውን እንደመለሱ አይለቅም፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው የኪራይ ጉዞ ከበረራው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢጠናቀቅ፣ መያዣው የተያዘበት የባንክ ሂሳብም እስኪመለስ ባይዘጋ ይመረጣል። ሒሳብ ተካፍላችሁ ከሆነ ቅጣት ቢመጣ ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ፈቃድ በሌለው የግል መኪና በክፍያ መሄድ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም አደጋ ቢደርስ መድኅኑ እንደሚሸፍንዎ እርግጠኛ መሆን አይችሉም።

ደረጃ 7፦ በየቦታው ቀኑን በትክክል ይጠቀሙበት

አልአይን። ጠዋት በመስኖ በሚለማው የተምር ጫካ ይጀምሩ፤ መግቢያው ነፃ ነው። በጭቃ አጥሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ በእግር ሲሄዱ ፈለጅ የሚባለው ቦይ ከጎንዎ ይወርዳል፤ ቦይዎቹና የሐፊት መቃብሮች በ2011 በዩኔስኮ ቅርስነት ከተመዘገቡት መካከል ናቸው። ጥላው ስለሚበቃ ይህ ክፍል እስከ እኩለ ቀን ሊቆይ ይችላል። ምሳ ከበሉ በኋላ ወደ ጀበል ሐፊት ይሂዱ። ከግርጌው ባለው በግሪን ሙበዘራ የሚፈሰው ፍል ውሃ እግርን ለመንከር ይመቻል፤ ወደ አናቱ ግን የሚወጡት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ጭጋጉ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ታክሲ ከያዙ ሾፌሩ ጠብቆ እንዲመልስዎ ዋጋውን ከታች ይስማሙ፤ አናቱ ላይ ባዶ ታክሲ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው።

ፉጀይራና ኮር ፈካን። በቢዲያ የሚገኘው ትንሽ መስጊድ በኤምሬትስ ዛሬም ከሚጸለይባቸው መስጊዶች ጥንታዊው እንደሆነ ይነገራል። አራቱን ጉልላት የሚሸከመው መካከል ላይ ያለ አንድ ምሰሶ ነው፤ ከዚህ ቀደም ከመኪና ሳይወርዱ አይተውት ከሆነ በዚህኛው ጉዞ ወርደው ምሰሶውን ይመልከቱ። ለመግባት በር ላይ ያለውን ሰው ፈቃድ ይጠይቁ፤ የጸሎት ሰዓት ከሆነ ውጭ ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ኮር ፈካን ባሕር ዳርቻ ይውረዱ። ኮር ፈካን የሻርጃ ግዛት ስለሆነች አልኮል መያዝም መጠጣትም ክልክል ነው። ዛጎልና ኮራል ለማስታወሻ አይሰብስቡ።

ሐታ። የቆየው አጭር መንገድ በከፊል በኦማን ግዛት ስለሚያልፍ የውጭ ዜጎች ከፍተሻው ሊመለሱ ይችላሉ፤ በኤምሬትስ ውስጥ ብቻ የሚሄደውን መንገድ ይምረጡ። ቅዳሜና እሑድ ግድቡ አካባቢ ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን መሄድ የሚችል ሰው ዕድለኛ ነው።

ጀበል ጃይስ። ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ስለሚዘጋ በጠዋቱ መከፈቱን አረጋግጠው ይነሡ። ቡና የሚያፈሉ ከሆነ የተፈቀደ ማረፊያ ላይ ብቻ ያፍሉ፤ ከሰል በድንጋይ ላይ ትተው አይውረዱ።

አቡ ዳቢ። የታላቁ መስጊድ ጉብኝት ነፃ ቢሆንም አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል። ዓርብ እኩለ ቀን በጸሎቱ ምክንያት ለጎብኚ ዝግ ስለሚሆን ሌላ ቀን ይምረጡ።

ዱባይ። የመጨረሻውን ሳምንት ለዴራ ይስጡ። ከዴራ ወደ ቡር ዱባይ በአብራ (በአነስተኛ የመሻገሪያ ጀልባ) ለመሻገር 1 ድርሃም ይበቃል፤ አብራው የሚከፈለው በዝርዝር ሳንቲም ስለሆነ ይዘው ይሂዱ። ከወዳጅ ጋር በሐበሻ ቤት ለመመገብ ካሰቡ በዚያው ቀን ያድርጉት፤ ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቤት ስለሚቀይሩ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ።

ደረጃ 8፦ ፎቶውንና ስልኩን አብረው ይጨርሱ

በየቦታው ሁለት ነገር ይሥሩ፦ ፎቶውን ወዲያው ከስልኩ ውጭ ባለ ማስቀመጫ ይጫኑ፤ የሚለዩትን ሰው የአገር ቤት ቁጥርም ይቀበሉ። የኤምሬትስ ሲም ካርድ ከመታወቂያዎ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከመሰረዙ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም የሚላከው በዚያው ሲም ነው። ዋትስአፕን ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ለማዛወር «ቁጥር ቀይር» የሚለውን አማራጭ ዋትስአፑ በቀድሞው ቁጥር ስልክዎ ላይ እየሠራ ሳለ ይጠቀሙ፤ ማረጋገጫው የሚላከው በአዲሱ ቁጥር ስለሆነ የኢትዮጵያው ሲም መሥራት አለበት።

ማስጠንቀቂያዎች

- ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትና መለጠፍ በኤምሬትስ ያስከስሳል፤ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ከኋላ የማያውቁት ቤተሰብ ከገባበት አይለጥፉት። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ስፍራና አውሮፕላን ማረፊያም አይነሡም። ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀርዎት የሚነሣ ክስ ከአገር እንዳይወጡ ያደርግዎታል።
- በዝናብ ጊዜ ወደ ሸለቆ አይግቡ። ውሃ ወደሞላበት ሸለቆ በመኪና መግባት 2,000 ድርሃም፣ 23 የቅጣት ነጥብና የመኪናውን 60 ቀን መያዝ ያስከትላል፤ ጎርፉ ደግሞ ዝናብ ባልጣለበት ቦታም ድንገት ይደርሳል።
- በረሃ ላይ ለብቻ መኪና ይዘው ከአስፋልት አይውጡ። አሸዋ ውስጥ የተቀረቀረን መኪና የሚያወጣው ሁለተኛ መኪና ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ካርጎን ቀድሞ መላክ። ዕቃው በጥሩ ዋጋ ተገኘ ተብሎ ሲላክ የተራራው ጃኬት፣ የእግር ጉዞ ጫማና የሰነድ ፋይሉ አብረው ይጫናሉ። ለጉዞው የሚያስፈልጉትን ለይተው በእጅ ሻንጣ ካስቀመጡ በኋላ ብቻ ካርጎውን ያስጭኑ፤ ፓስፖርት፣ የሥራ ውልና የክፍያ ወረቀት በጭራሽ በካርጎ አይላኩ።

የስንብት ግብዣን ከጉዞ ጋር ማጋጨት። በመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች ማኅበሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የሥራ ባልደረባውም ይጠራዎታል። ለግብዣ የሚሆኑትን ቀናት መጀመሪያ ለይተው ካላሳወቁ የጉዞ ቀናትዎ ይበላሉ።

ለመጨረሻው ቀን ገንዘብ አለማስቀረት። የጉዞው ወጪ ሥራ ሲያበቃ ከሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ ላይ ከሆነ የሚወጣው፣ ክፍያው እስኪገባ ድረስ ጉዞውን ያዘግዩት፤ በብድር የተደረገ ስንብት ያልተከፈለ ዕዳ ትቶ ይወጣል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ደግሞ ወደ ክስ ከሄደ የመውጫ እገዳ ያመጣል።

ሰዓት ማምታታት። «በ2 ሰዓት እንገናኝ» ተብሎ ግማሹ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት፣ ግማሹ በስልኩ ላይ እንዳየው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ አውቶቡሱ ግን ሄዷል። በቡድን ስትሄዱ የመነሻውን ሰዓት በስልክ ላይ እንደሚታየው በቁጥር ጽፋችሁ፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ጨምራችሁ ላኩ። የኤምሬትስ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም ከአገር ቤት ከሚጠብቅዎ ቤተሰብ ጋር ስለ በረራው ስትነጋገሩም ትኬቱ ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የዱባይ፣ የመድረሻው ደግሞ የአዲስ አበባ መሆኑን ንገሯቸው።